የእማዬ ቃል በአብደልራሒም ደብተር

ለወንድሜ ለሚልዮን፣
ባለህበት ሁሉ የእግዚአብሔር ጥበቃ አይለይህ። እኔና እማዬ እዚህ ሳጃና ሰፈር ሐምዱሊላህ ደህና ነን።

እኔ ግን በጣም ተናድጃለሁ። ስልክ ጠጋኙ አብደልራሒም ለእማዬ ፌስቡክ ሲከፍትላት፣ የይለፍ ቃሏን እንደ ሰፈሩ ሐበሻ ሁሉ ደብተሩ ላይ ጽፎ አስቀረው። እኔም አንተ በጫንክልኝ የይለፍ ቃል መያዣ ነፃ ፕሮግራም ረጅም አዲስ ቃል አወጣሁና እዚያው ቆለፍኩበት። «አሠራሩን ማንም ማየት ይችላል፣ የቆለፍሽበትን ግን ማንም አያይም» ብለኸኝ አልነበር? እማዬ «ለኔ በወረቀት ጻፊልኝ» ብላ አስጻፈችኝና ወስዳ ለአብደልራሒም ሰጠችው! አንተ ጽፈህ እንደሆነ እንዲያይላት በየጠዋቱ ሱቁ ትሄዳለች። እሱም ሰው ሁሉ እየሰማ «ማፊ፣ ያ ኡም ሚልዮን! የሚልዮን እናት፣ ዛሬም ምንም የለም» ይላታል።

ትናንት ሄጄ «የእናቴን ገጽ ከደብተርህ ቅደደው» አልኩት።
«ወላሂ፣ አንቺም አፍ አወጣሽ?» ብሎ ሳቀ።
ራሴ ቀደድኩት። ቃሉንም ቀየርኩት።

አሁን የምትጠይቀው እኔን ነው። ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ «አየሽው?» አለችኝ። «ኔትወርክ የለም» አልኳት። ኔትወርክ ግን ነበር።

ይህን ወረቀት አንተ በሄድክበት መንገድ ወደ ሊቢያ ለሚሄድ ሾፌር እሰጠዋለሁ። እማዬ ደጋግማ ትስምሃለች። እኔ ግን እስክትጽፍ ድረስ አልስምህም።

እህትህ እፀገነት