ጎን ለጎን ሁለት ወንበር ሲፈልጉ የኖሩት ወንድማችን

ብዙዎቻችሁ ‹‹ጋሽ ውሃ ልክ›› እያላችሁ የምትጠሯቸው ወንድማችን፣ ሚዛን ጠጋኝ ከነበሩት አባታችንና በሆስፒታል የልብስ እጥበት ክፍል ይሠሩ ከነበሩት እናታችን፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ታላቁ እርሳቸው፣ ታናሿ እኔ ነኝ፤ ይህን የጻፍኩትም እኔው ነኝ። ዕድሜ ልኬን ‹‹አንተ›› እያልኩ ስጨቃጨቀው የኖርኩትን ሰው ዛሬ ‹‹እርሳቸው›› ማለት አፌ ላይ እየከበደኝ ነው፤ ግን ወግ ነውና ይሁን።

በሰፈራችን ትምህርት ቤት ተምረው ካጠናቀቁ በኋላ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ገብተው በኤሌክትሪክ ሙያ ተመረቁ። ዋናውን ትምህርት ያገኙት ግን ከአባታችን ሱቅ ነው። አባታችን ‹‹ጠረጴዛው ከተንጋደደ ሚዛኑ ምን ቢታደስ ይዋሻል›› ይሉ ነበር። ወንድሜ ይህችን ቃል ይዘው ቀሩ። ውሃ ልክ ሳያስቀምጡ ፎቶ እንኳ ግድግዳ ላይ አይሰቅሉም፤ ስሙም የወጣላቸው በዚሁ ነው። በሠርጌ ቀን ከጠረጴዛ ሥር ገብተው እግሩን በካርቶን ሲያስተካክሉ የቤተሰቡ ፎቶ ያለ እርሳቸው ተነሣ፤ እስከ ዛሬ ድረስ አልረሳሁላቸውም።

በሃያ አራት ዓመታቸው የሕክምና መሣሪያ በሚያስመጣ ድርጅት ተቀጥረው እስከ ጡረታቸው ድረስ የራጅ ማሽን ሲተክሉና ሲጠግኑ ኖሩ። ድርጅቱ ወደ ብዙ አገር ይልካቸው ነበር። መቼም የሚቆረጥላቸው ርካሹ ቲኬት ነው፤ መጸዳጃ ቤቱ አጠገብ፣ ጉልበታቸው ከፊት ወንበር ጋር ተጣብቆ ሲጓዙ ያድራሉ። በዚህ ሁሉ እንግልት ግን በስማቸው ማይል ተጠራቀመ። ማይል ማለት፣ ለማታውቁት፣ ሰው በአውሮፕላን በተመላለሰ ቁጥር የሚያዝለትና በኋላ ቲኬት የሚያገኝበት ነጥብ ነው። የእርሳቸው በብዙ አየር መንገዶች ላይ የሚሠራ ነበር። ጡረታ ሲወጡ ለሁለት ሰው፣ ያውም በቢዝነስ ክላስ፣ ወንበሩን አልጋ አድርገው ተኝተው ለሚሄዱበት ጉዞ የሚበቃ ሆኖ ተገኘ።

ባለቤታቸውን ያገኙት ገና ወጣት ሳሉ ነው። ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋሉ። መስኮቱ ሥር ካለው የስፌት መኪና ላይ ጎንበስ ብለው ስንቱን ልጅ አለበሱ! ምላሰ ፈጣን፣ ሳቂታ ሴት ነበሩ፤ ወንድሜን ዝም የሚያሰኙ እርሳቸው ብቻ ናቸው። አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ልጅቷ አድጋ፣ ነርስ ሆና፣ አግብታ እጅግ ሩቅ አገር ሄደች፤ እዚያም ሁለት ልጆች አፈራች። አያቶቹ የልጅ ልጆቻቸውን ያዩ የነበረው በስልክ ብቻ ነው። ያን ሁሉ ሰዓት ተቀምጠው እንዳይሄዱ የባለቤታቸው ወገብ በስፌት አልቋል። ስለዚህ ወንድሜ ቃል ገቡ፤ ‹‹አስተኝቼ ነው የምወስድሽ›› አሉ።

እንግዲህ አየር መንገድ መምረጡ የተጀመረው ያን ጊዜ ነው። ሦስት አየር መንገዶች ነበሩ፤ ለሦስቱም ቅጽል ስም አወጡላቸው። ‹‹ቀጥተኛው›› ያለ ማረፊያ ያደርሳል፤ አልጋውም ዝርግ ነው፤ ግን በማይል ለሚሄድ ሰው በአንድ በረራ ከአንድ ወንበር በላይ አይለቅም። ‹‹ባለ ማረፊያው›› ጎን ለጎን ሁለት ወንበር ይሰጣል፤ ነገር ግን መሀል መንገድ ላይ ግማሽ ቀን ያስቀምጣል፤ አልጋውም ተዳፋት ስለሆነ የተኛ ሰው ወደ እግሩ ይንሸራተታል። ለጋሽ ውሃ ልክ ተዳፋት አልጋ! ሦስተኛዋን ‹‹ወይዘሮዋ›› ይሏታል፤ ሁለ ነገሯ ያማረ ነው፤ ‹‹በነጻ›› ካለች በኋላ ለነዳጅ፣ ለምናምን እያለች የምትጠይቀው ግን ሌላ ቲኬት ይገዛል።

እኔ ‹‹ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፤ አንዱን ያዝ›› እላቸው ነበር። እርሳቸው ‹‹የቸኮለች አፍሳ ለቀመች›› ብለው አፌን ያዘጉኛል። በቀጥተኛው አንዳቸው ዛሬ፣ አንዳቸው ነገ ይሂዱ ብለን መከርን። ‹‹ደግፎ የሚያነሣት ማን ነው? ውሃ ማን ያቀብላታል?›› አሉ። ቀጥተኛው አንድ ቀን ሁለት ወንበር ይለቃል ብለው ጠበቁ። ባለ ማረፊያው አዲስ አውሮፕላን ያስገባል የሚል ወሬ ሰሙና እርሱንም ጠበቁ። ዛሬ ነገ ሲባል ዓመቱ ይሄዳል። ባለቤታቸው በመጨረሻ ስፌታቸውን ትተው ቀና አሉና ‹‹ሰውዬ፣ እኔ ልጄን እንጂ አልጋ አላማረኝም›› አሏቸው። ወንድሜ ግን ፍለጋውን ቀጠሉ። ክፋት አልነበረም። ለሚወዱት ሰው የተንጋደደ ነገር መስጠት ስለማይሆንላቸው ነው።

ባለቤታቸው አንድ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ጋደም እንዳሉ አልተነሡም። ልጅቷ መርዶውን ሰምታ ያገኘችውን ቲኬት ገዝታ ተነሣች፤ ሁለት ቦታ አውሮፕላን የምትቀይርበት ነበር። ሁለተኛው ቦታ ላይ አውሮፕላኑ አመለጣት። የደረሰችው እናቷ በተቀበሩ ማግስት ነው። ሻንጣዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ‹‹አልጠበቃችሁኝም?›› አለች። አባቷ ሻንጣዋን ተቀብለው አስገቡ። ሥራዋ ከሳምንት በላይ አልፈቀደላትምና ተመልሳ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ወንድሜ ብቻቸውን ቀሩ። ብቸኝነት ማለት ምን እንደሆነ ያየሁት በእርሳቸው ቤት ነው። የስፌት መኪናው ላይ አንድ እጅጌ የቀረው ዩኒፎርም እንደተሰካ ነበር፤ አላነሡትም፤ እኔንም አላስነሡኝም። ጠረጴዛው ጥግ ላይ ቆመው ነበር የሚበሉት። ቴሌቪዥኑ ይከፈታል፤ የሚያየው ግን የለም። ማታ ማታ ይደውሉልኝና ‹‹ቀጥተኛው ብርድ ልብሱን ቀየረ አሉ፤ ሰማሽ?›› ይሉኛል። እኔም ‹‹እስቲ ተወኝ፤ በፈለግከው ሂድና ልጅህን እያት!›› እላለሁ። ይስቁና ሌላ የብርድ ልብስ ወሬ ያመጣሉ። ስልኩ እንዲዘጋ አለመፈለጋቸው ይገባኝ ነበር፤ እኔም ቶሎ አልዘጋውም። ልጅቷም እየደወለች ‹‹አባዬ፣ በየትኛውም ይሁን፣ ብቻ ና›› ትላቸዋለች። ‹‹እያየሁ ነው ልጄ፣ እያየሁ ነው›› ይላሉ።

አንድ ቀን ቤታቸው ተቀምጬ ሳለሁ ቀጥተኛው ቢሮ ደወሉ። የቢሮው ሠራተኛ ድምፅ እኔም ጋ ይሰማ ነበር። ‹‹ጌታዬ፣ ለአንድ ሰው ከሆነ እኮ በፈለጉት ቀን አለ›› አለቻቸው። ወንድሜ ‹‹አይ፣ ሁለት ነን›› አሉ።

እዚያው ሶፋው ላይ ነበርኩ። ምን ይባላል? ተነሥቼ ወደ ወጥ ቤት ገባሁ።

በዚህ ዓመት መጀመሪያ ላይ ሳል ጀመራቸው፤ ሰውነታቸውም መክሳት አመጣ። እየጎተትኩ ሆስፒታል ወሰድኳቸው። ራጅ የተነሡት ድሮ ራሳቸው በተከሉት ማሽን ነው፤ ተጋድመውም ለባለሙያው ‹‹ይቺ አልጋ ወደ ግራ አዘንብላለች፤ ማን ነካካት?›› አሉት። እኔ ሳቅኩ። ውጤቱን ያየው ሐኪም ግን አልሳቀም። በሽታው ከሳምባቸው አልፎ መሠራጨቱን፣ ጊዜውም አጭር መሆኑን ሳይደብቅ ነገራቸው።

ቤት ገብተው ኮታቸውን እንኳ ሳያወልቁ ስልኩን አነሡ። ሻይ አፍልቼ እስክመጣ እያወሩ ነበር። ‹‹ቀጥተኛው›› ጋ ነው የደወሉት። ስንት ሰው ናችሁ ሲሏቸው ‹‹አንድ›› አሉ። በየትኛው ቀን ሲሏቸው ‹‹መጀመሪያ በሚገኘው›› አሉ። የመንገደኛው ስም ሲጠየቁ የልጃቸውን ስም ፊደል በፊደል ነገሯቸው። ዓመታት የፈጀው ምርጫ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ አለቀ። ስልኩን አስቀመጡና ‹‹ዛሬስ ማረፊያ የሚባል ነገር አልፈልግም፤ የእናቷን መጨረሻ ሳታይ እንደቀረች የእኔም እንዳይቀርባት›› አሉኝ። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መልሰው ብዙ አለቀሱ። ወንድሜ ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ልጅቷ ስትመጣ ከአውሮፕላን ማረፊያ የተቀበልኳት እኔ ነኝ። ወንድሜ ከአልጋ መነሣት አቅቷቸው ነበር። ስትገባ እጇን ይዘው መጀመሪያ የጠየቋት ‹‹ተኝተሽ መጣሽ?›› ብለው ነው። ‹‹አዎ አባዬ፣ ለጥ ብዬ ተኝቼ መጣሁ›› አለች። ደስ አላቸው። አልጋው እንዴት እንደሚዘረጋ፣ ብርድ ልብሱ ምን እንደሚመስል፣ ጎኗ ማን እንደተቀመጠ አንድ በአንድ አስነገሯት። በኋላ ወጥ ቤት ውስጥ ለእኔ የነገረችኝ ሌላ ነው፤ ወንበሩን ሳታነካካ፣ ዓይኗን ሳትከድን፣ ‹‹ይቆየኝ›› እያለች ተቀምጣ ነው የመጣችው።

ቆዩላት። ሳምንቱን ሙሉ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ አወሩ፤ ስለ እናቷም አወሩ። በስተመጨረሻ የስፌት መኪናው ላይ የነበረውን ዩኒፎርም እንድታነሣው ነገሯት። ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ወንድማችን በስድሳ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ እጃቸው በልጃቸው እጅ ውስጥ እንዳለ፣ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ዓይናቸውን የከደነችው እርሷ ናት።

ወንድማችን አንዲት ሴት ልጅ፣ አቅፈዋቸው የማያውቁ ሁለት የልጅ ልጆች፣ ማታ ማታ ስልኩን የምታይ አንዲት እህትም ትተው ሄደዋል። በሕመማቸው ለጠየቋቸው፣ ዛሬም ሥራቸውን ትተው ለመጡት ሁሉ ቤተሰቡ ምስጋናውን ያቀርባል። የሰውን ድካም የሚያውቅ አምላክ ነፍሳቸውን ይቀበልልን፤ ለቀረነው ጽናቱን ይስጠን።

ልጄ፣ እንኳን ደረስሽ።