የአባባ ጫማ

ወንድሜ አብዱናስር፣ አሰላሙ አለይኩም። የጅዳ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ጭሮ ዘንቧል፣ አልሃምዱሊላህ።

አባባ ለስኳራቸው ብለው ሻይ መራራ መጠጣት ከጀመሩ ቆዩ። ለካ ጫት ሲቅሙ ለስላሳውን አልተዉም። «የተከለከልኩት ሻይ ላይ ነው» ይሉኛል።

የእግራቸውን ቁስል የምታክመው ነርስ ሲስተር ሰርካ ናት ያሳመነቻቸው። «ስኳሩ ከፍ ሲል ቁስሉን የሚዘጉት ህዋሳት ወደ መሃል መሄድ ያቅታቸዋል» አለቻቸው። ለስላሳው ቀረ። በየሳምንቱ እግራቸው ላይ ግልጽ ላስቲክ አድርጋ የቁስሉን ዙሪያ በእስክሪብቶ ትስላለች። የመጀመሪያው እንቁላል ያክል ነበር፤ የትናንቱ የቡና ፍሬ ነው። አባባ ላስቲኮቹን ለጫት ነጋዴው ሁሉ ያሳያሉ።

ሐኪሙ እግራቸው እንዲቆረጥ ፈርሚ ብሎ የሰጠኝ ወረቀት እስካሁን መሳቢያ ውስጥ ነው።

ባለፈው ለአባባ ጫማ አትላክ ብዬህ ነበር። አሁን ላክላቸው፤ ቁጥራቸው አርባ ሁለት ነው።

በዱዓህ አትርሳን፤ አላህ በዓይነ ሥጋ ያገናኘን።

እህትህ ኢንሳፍ