ለአንድ ሰው የሚበቃ ክፍተት

የካቲት 4

ዛሬ አንዲት ሴትዮ ማተሚያ ቤታችን መጥተው አለቃዬን አፋጠጡት። የባላቸው የሐዘን ባነር ላይ ያለው ደመና ከጎረቤታቸው ባነር ደመና ጋር አንድ ነው። "ሃያ ዓመት በአጥር ሲካሰሱ ኖረው፣ አሁን አንድ ደመና ላይ ታስቀምጡብኛላችሁ?" ሳቄን በግድ ዋጥኩት። እውነታቸውን ነው ግን። ስድስት ዓመት ሙሉ ሟቹን ሁሉ በዚያች አንድ ደመና ስንሸኝ ኖረናል። እሷም ብትሆን ጥጥ ነው የምትመስለው።

አለቃዬ፦ "በቃ፣ ለየሰዉ የራሱን ሳዪለት። እውነተኛ የሚመስል። የደመና ፎቶ እንዳትለጥፊ፣ ስናሳድገው ይበላሻል።"

ስለዚህ በኮምፒውተር፣ በነጥብና በመስመር። የዚህ ዓይነቱ ስዕል ሕንፃ ቢያክልም አይበላሽም። እሺ... ነጥብ በነጥብ።

የካቲት 6

ደመና ነጭ አይደለም። ይኸን ለማወቅ ሠላሳ አራት ዓመት ፈጀብኝ! ሆዱ ግራጫ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ። የላዩ ጠርዝ የጠራ፣ የታቹ የደበዘዘ። ስስ ስስ ቅርጾችን አንዱን ባንዱ ላይ እደርባለሁ። አርባ ሲሞሉ ድንገት ደመና ይሆናሉ። መሃሉ ላይ ዙሪያው ተቆርጦ ለሚገባው የሟች ፎቶ ክፍተት እተዋለሁ። እጄ እንደመራኝ።

ማሽኑ ላይ የሚሠራው ባልደረባዬ "ደመናዋ" ብሎ ስም አወጣልኝ። ሰውዬው ጥርስ አያስከድንም።

የካቲት 11

ይገርማል። ትናንት የጨረስኩት ደመና ክፍተቱ በአንድ በኩል ሾጠጥ ብሎ ነበር። ነገ አስተካክለዋለሁ ብዬ ትቼው ሄድኩ። ዛሬ ጠዋት የአንድ ሽማግሌ ፎቶ መጣ፣ ባርኔጣቸውን አዘንብለው የተነሱት። አስገባሁት። የባርኔጣው ጫፍ ሾጣጣው ውስጥ ቁጭ። አንድም ነጥብ አላንቀሳቀስኩም።

አጋጣሚ ነው።

የካቲት 13

ሁለት ጉብታ ያለው ክፍተት ወጣልኝ። ለአንድ ሰው በጣም ሰፊ። ደመሰስኩት። እንደገና ሳልኩ፣ ያው ሁለት ጉብታ... ከምሳ በኋላ አንድ ጎልማሳ ፎቶ ይዞ መጣ። አባቱና እናቱ፣ ጉንጭ ለጉንጭ ገጥመው። በመኪና አደጋ አብረው ነው የሞቱት።

መቼ ነው ያረፉት? አልኩት።

"ዛሬ። ሦስት ሰዓት ገደማ።"

እኔ መሳል የጀመርኩት ሁለት ሰዓት ላይ ነው።

ለባልደረባዬ ነገርኩት። "አንቺ ብቻ ክፍተቱን ተዪ፣ ሟች መቼ ጠፍቶ ያውቃል?" ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

የካቲት 14

የዛሬው ክፍተት አንገቱን ወደ ጎን ያዘመመ ሰው ነው። ከጭንቅላቱ ኋላ ትንሽ እብጠት ነገር አለ። ማንን ነው የሚመስለው? አላወቅኩትም።

ቤት ስገባ እማዬን "በላሽ?" አልኳት። አንድ ጆሮዋ ከደነቆረ ቆይቷል። "ምን አልሽኝ?" አለች። አንገቷን ዘመም አድርጋ፣ ደህናውን ጆሮዋን ሰጠችኝ። ሻሿ ከኋላ ተቋጥሯል።

ክፍተቱ እሷው ናት።

የካቲት 15

ክፍተቱን ስደፍን ዋልኩ። እዚህ ስደፍነው ትንሽ ዝቅ ብሎ ይከፈታል። አንገቱ ያው የዘመመ። ፋይሉ ከብዶት ኮምፒውተሩ ይንቀራፈፋል። "እሷን አልሰጥም!" አልኩ ጮክ ብዬ። ባልደረባዬ ማሽኑን አቁሞ ዞሮ አየኝ።

የካቲት 18

እማዬን ሐኪም ቤት ወሰድኳት። እንዳጉረመረመች። "ሳልታመም የምታሳክሚኝ ምን አድርጌሽ ነው?" ሐኪሙ ልቧን፣ ደሟን፣ ሳንባዋን አየ። "እማማ ካንቺም ከኔም ይሻላሉ" አለ። መንገዱን ሙሉ ይኸንኑ ስትደግምልኝ መጣች።

የካቲት 20

ባልደረባዬ አንድ ነገር ሊጠይቀኝ መጥቶ ስክሪኑን አየ። "ራስሽን መሳል ጀመርሽ እንዴ?"

"እናቴ ናት።"

"የምን እናት? አንቺ ነሽ እንጂ! ሰው ሲያናግርሽ እንዲህ አይደል አንገትሽ የሚዘመው?" ለቀልድ ብሎ በስልኩ ፎቶ አነሳኝ። ላከልኝ።

አስገባሁት። አንገቱ ገባ። ትከሻው ገባ። ያ ከኋላ ያለው እብጠት... ፀጉሬን ጠቅልዬ በእርሳስ የምሰካው ነው።

ለካ ዕድሜዬን ሙሉ ወደ እማዬ ጆሮ ሳጎነብስ፣ አንገቴ በዚያው ቀርቷል።

ባልደረባዬ አልቀለደም። "አጥፊው" አለኝ ቀስ ብሎ።

ለራሴ ምን እዋሻለሁ፣ እፎይ ነው ያልኩት። እሷ አይደለችም! ፍርሃቱ የመጣው ቆይቶ ነው፣ እጄን ስታጠብ። ቧንቧውን ይዤ ቆምኩ።

የካቲት 21

ሥራ አልገባሁም። ታናሽ እህቴን ጠራኋት። ከእማዬ ጋር ስታወራ ትጮሃለች፣ እማዬ ደግሞ የተቆጧት እየመሰላት ይከፋታል። አስቀመጥኳት። "እዚህ ጋ፣ በደህናው ጆሮ በኩል። አትጩኺ። ቀስ ብለሽ። ከንፈርሽን እንድታይ ዞር በይላት።"

"አንቺ እያለሽላት እኔ ምን ቤት ነኝ?"

"ባልኖርስ?"

"የት ልትሄጂ?"

"ምን አለች?" አለች እማዬ። እህቴ ጎንበስ አለችና ነገረቻት። ሳትጮህ። ምን እንዳለቻት አልሰማሁም፣ እማዬ ግን ሳቀች። ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

የካቲት 24

ደመናውን ጨረስኩት። ክፍተቱን አልነካሁትም። ታቹን አደበዘዝኩ፣ ሆዱ ላይ ትንሽ ሰማያዊ ጨመርኩ። ከሳልኳቸው ሁሉ የሚያምረው ይኸኛው ነው። እውነተኛ ደመና።

ኮምፒውተሩ በምን ስም ላስቀምጠው አለኝ። ሁልጊዜ የሟቹን ስም ነው የምንጽፈው።

ስሜን ጻፍኩ።