የሚናስ እናት፣ ወይዘሮ ውቢት ባንቲሁን

ወይዘሮ ውቢት ባንቲሁን ከአባታቸው ከአቶ ባንቲሁን ወሰኑ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተማርያም ደጀን በ1964 ዓ.ም. በድሬዳዋ ከተማ፣ ከዚራ ሰፈር ተወለዱ። እዚያው እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ በ1983 ዓ.ም. በባቡር ጅቡቲ ገቡ፤ ፕላቶ ዱ ሰርፓን በተባለው ሰፈር በሚገኝ የፈረንሳዮች ቤት ተቀጥረውም የሰው ልጆች አሳደጉ። አልቅሶ ያስቸገረ ሕፃን እሳቸው ሲያቅፉት ዝም ይል ነበር።

በ1988 ዓ.ም. ከአቶ ጎሳዬ ሚናስ ጋር ጋብቻ መሥርተው እዚያው ጅቡቲ፣ ካርቲየ 5 በተባለው ሰፈር ጎጆ ወጡ። በ1990 ዓ.ም. በአያቱ ስም የተጠራውን ሚናስን፣ በ1993 ዓ.ም. ደግሞ ሀዊን ወለዱ። ሚናስ አፉን ሳይፈታ ቀረ። ስሙ ሲጠራ አይዞርም፤ ከጣሪያው ማራገቢያ ሥር ቁጭ ብሎ ሲሽከረከር ማየት ነበር ሥራው። ሐኪም ኦቲዝም ነው አለ፤ ዘመድ አዝማድ ግን ቡዳ ነው፣ እርግማን ነው አለ። ባለቤታቸውም «በእኔ ዘር እንዲህ ያለ የለም» ብለው በ1998 ዓ.ም. ወደ ድሬዳዋ ተመለሱ። ወይዘሮ ውቢት ልጃቸውን ይዘው ያልሄዱበት ጠበል የለም።

በ2013 ዓ.ም. ለሀዊ ሽማግሌ ተላከ። እንደ ወጉ እስከ ሰባት ቤት ዘር ይጠየቃልና፣ ልጄ በወንድሟ ምክንያት ቆማ እንዳትቀር ብለው ሚናስን ጎረቤታቸው ሐዲጃ ዘንድ አስቀመጡት። እሱ ግን ማራገቢያውን ፍለጋ መጥቶ ከሽማግሌዎቹ መሃል ቁጭ አለ። አቶ ቡልቻ የተባሉት ሽማግሌ «ይሄ ልጅ የማን ነው?» ሲሉ፣ ወይዘሮ ውቢት «የጎረቤት ልጅ ነው» አሉ። ጅቡቲ ትንሽ ከተማ ናት። ልጃቸው የመሆኑ ወሬ ውሎ ሳያድር ከሽማግሌዎቹ ጆሮ ደረሰና፣ ልጁን የሚክድ ቤት ሌላም ይደብቃል ተብሎ ነገሩ ፈረሰ።

በዓመቱ የኦቲዝምን የዘረመል መነሻ የሚያጠኑ ተመራማሪዎች ቤተሰቦችን ሲፈልጉ፣ ወይዘሮ ውቢት ቀድመው ተገኙ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ማወቅ ነበር የፈለጉት። አቶ ጎሳዬም ከብዙ ልመና በኋላ መጥተው ምራቃቸውን ለምርመራ ሰጡ። መልሱ የመጣው በ2017 ዓ.ም. ነው። የጥናቱ ሐኪም በፈረንሳይኛ ስትናገር ሀዊ ተረጎመች፦ በሚናስ ላይ የተገኘው ለውጥ ከእናትም ከአባትም የተወረሰ አይደለም፤ በእሱ የጀመረ ነው፤ ሀዊም የለባትም። ይህን ማወቁ ግን ለሚናስ ፈውስ አይሆነውም። ይህን እንኳ የሚያውቅ ቤተሰብ ጥቂት ስለሆነ እድለኞች ናችሁ ተባሉ። አቶ ጎሳዬ በስልክ ሲነገራቸው «እንዲያ ነው?» ብለው ዘጉ። ወይዘሮ ውቢት እፎይ ይላሉ ሲባል፣ «ታዲያ ልጄን ምን ሆኜ ካድኩት?» አሉ። ከዚያ ወዲህ ሲስቁ ያያቸው የለም።

ኩላሊታቸው ታሞ አልጋ ላይ ሲውሉ ጥያቄያቸው አንድ ብቻ ነበር፤ «ሚናስን ማን ይይዘዋል?» ይህንኑ እንደጠየቁ ኅዳር 20 ቀን 2018 ዓ.ም. አረፉ።

ወይዘሮ ውቢት የሁለት ልጆች እናት ነበሩ። ዛሬ በሽኝታቸው ላይ ከሀዊ አጠገብ ቆሞ የቤተክርስቲያኑን ማራገቢያ የሚያየው የጎረቤት ልጅ አይደለም፤ የበኩር ልጃቸው ሚናስ ጎሳዬ ነው። ከዚህ በኋላ ማን እጁን እንደሚይዘው አልታወቀም።

የወይዘሮ ውቢትን ነፍስ «ይህች የማን ናት?» ሲባል፣ እግዚአብሔር «የእኔ ናት» ብሎ ይቀበልልን።