ለወይንሸት ያልተሰጠው ቁጥር

ማክሰኞ

ፊሽካው ደረሰ። ጓደኛዬ አስናቀች ከደብረ ብርሃን በሚመጣው ሚኒባስ አስልካ ነው ያስመጣችው። አንዱን ልሞክር ብዬ ስነፋው፣ ፀጉሯን የምሠራላት ሴትዮ ከወንበሯ ልትወድቅ ነበር። ይቅርታ ጠየቅኋትና መልሼ ነፋሁት።

ቅዳሜ ማጣሪያ፣ እሑድ ፍጻሜ። ከተማችን መሐል ሜዳ የሞተር ውድድር ሲደረግባት እኔ የማስታውሰው ይህ የመጀመሪያው ነው። ሞላሌም ቀየትም ተወዳዳሪ ይልካሉ፤ ከየከተማው ሁለት ሁለት ሰው። ከእኛ አንዱ መካኒክ ነው። ሁለተኛዋ ወይንሸት ናት፣ የኛዋ። የበግ ክትባት ይዛ በየገጠሩ በሞተር ስትዞር ዓመታት አልፈዋል፤ ኮረኮንቹን እንደ እጇ መዳፍ ታውቀዋለች። ባለፈው ሳምንት በተደረገው የከተማችን መለያ ውድድር ሁለተኛ ወጣች። የባሌ ወንድም ታደሰ ሦስተኛ። ታደሰ አኩርፎ ሄደ፤ እኔ ግን ስጮህ ውዬ ድምፄ ተዘጋ።

ከሰዓት ወይንሸት መጥታ ሹሩባ ሠራኋት። ከሄልሜቱ ሥር እንዳይቆረቁራት ቀጠን አድርጌ፣ ወደ ኋላ አስተኝቼ።

"ፈራሽ?" አልኳት።

"መታጠፊያውን ብቻ" አለች።

ከሜዳው ጫፍ ያለውን ነው። አፈሩ ልል ነው፤ እዚያ ድንገት ፍሬን የያዘ መንሸራተቱ አይቀርም። እኛም የምንቆመው እዚያው ነው።

ራት ላይ ደምሴን "ከመታጠፊያው ዘንድ ቦታ ያዝልን፤ የውድድሩ ኮሚቴ አይደለህ" አልኩት።

"ቦታ አታጡም" አለኝ ባሌ፣ ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሳ።

ረቡዕ

አመዳዩ ባሰበት። ቧንቧው እስከ ረፋድ ጠብ አላለም።

ለእሑድ፦ ቆሎ። ፊሽካ። ለእትዬ ወርቄ በርጩማ። ጃንጥላ ለፀሐዩ።

እትዬ ወርቄ ጎረቤቴ ናቸው። ሰባን አልፈዋል፤ ሞተር ላይ ወጥተው አያውቁም፤ ከሁላችንም የባሱ ደጋፊ ግን እሳቸው ናቸው። "በጎቼን ያተረፈች ልጅ ናት፤ ባልደግፋት በጎቹም ይታዘቡኛል" ይላሉ።

አስናቀች ከሞላሌ የሚመጣውን ረጅሙን ሰውዬ ፈርታለች። ሞተሩ አዲስ ነው አለች። ሞተሩ አዲስ ቢሆን መንገዱ አሮጌ ነው አልኳት። ደንበኞቼ እስኪሰለቻቸው ተከራከርን።

ደምሴ ግን ዝም ብሏል። ይሄ ነው ያልገባኝ። ከደምሴ ጋር የተዋደድነው በእሽቅድምድም ነው። ያኔ ቪዲዮ ቤት የመኪና ውድድር ሲታይ ከዚያ ሁሉ ወንድ መሃል ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ጠጋ ብሎ ቦታ የለቀቀልኝ እሱ ነው። ማን መቼ ጎማ እንደሚቀይር እየተወራረድን ተዋወቅን። አሁንም ውድድር ካለ ወጡ ቢያርም ግድ የለንም። ዛሬ ግን የወይንሸትን ነገር ሳነሳበት "ደክሞኛል" ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

የኮሚቴው ሥራ በዝቶበት ይሆናል።

ሐሙስ

ለወይንሸት ቁጥር አልተሰጣትም።

ተወዳዳሪዎቹ ደረታቸው ላይ የሚለብሱትን ቁጥር እንዲወስዱ ዛሬ ተጠርተው ነበር። ሄደች። ለመካኒኩ ተሰጠው። ለታደሰ ተሰጠው። እሷን "ቆይ" አሏት። ቆየች። ከዚያ የኮሚቴውን ክፍል ቆልፈው ወጡ።

ፀጉር ቤት መጥታ ስትነግረኝ አላለቀሰችም። ሄልሜቷን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በነጠላዋ ጫፍ ትወለውለው ነበር።

"ስህተት ነው" አልኳት። "ደምሴ ያስተካክለዋል።"

ቀና ብላ አየችኝ። የሆነ ነገር ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው።

ደምሴ ማታ ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ ጠየቅሁት።

"ኮሚቴው ነው የወሰነው" አለ። "ለደኅንነቷ ሲባል።"

"አንተስ ምን አልክ?"

"ብቻዬን ምን እላለሁ?"

አሳዘነኝ። ብቻውን ተከራክሮ የተሸነፈ ነው የመሰለኝ። እግሩን የሚታጠብበት ውኃ አሞቅሁለት። ነገ ከእትዬ ወርቄ ጋር ሊቀመንበሩ ዘንድ እሄዳለሁ። ለደምሴ አልነገርኩትም፤ ከኮሚቴው ጋር እንዳላጣላው ብዬ።

ዓርብ

ፀጉር ቤቱን ዘግቼ ነው የምጽፈው።

ጋሽ ግዛው፣ ሊቀመንበሩ፣ በራቸው ላይ ቆመው ነው የተቀበሉን። እትዬ ወርቄ ቀድመው ተናገሩ። "ልጅቱ ፊት ለፊታችሁ ሮጣ አለፈች። በምን ሕግ ነው የምታስቀሯት?"

ጋሽ ግዛው ግራ ገባቸው። "እኔማ እንድትወዳደር ነበር የምፈልገው፤ ሴት ስትኖርበት ሕዝቡም ይበዛል። 'አደጋ ቢደርስባት ማን ይጠየቃል፣ ታደሰ ይተካ' ብሎ ሐሳቡን ያመጣው ደምሴ ነው።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "አልነገረሽም እንዴ?"

"ነግሮኛል" አልኩ።

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም። እትዬ ወርቄ ክንዴን ያዙኝ። ቤት እስክንደርስ አልለቀቁኝም።

ደምሴ ለምሳ መጣ። "እውነት ነው?" ስለው አልካደም።

"ወንድሜ ነው። እናቴ ለመነችኝ። 'አንተ እዚያ ተቀምጠህ ልጄ በሴት ተበለጠ ይባልልኝ?' አለችኝ።"

"በሴት እኮ ተበልጧል። አገር አይቶታል።"

"በአንድ ውድድር ምክንያት ቤታችንን አትበጥብጪ፣ ትርንጎ።"

አንድ ውድድር። ይህን ያለው ደምሴ ነው። ሌላ ሰው ቢለው ከኔ ጋር ሆኖ ይስቅበት ነበር።

የሚያንገበግበኝ የወይንሸት መቅረት ብቻ አይደለም። ቦታ ያዝልን ስለው ያውቅ ነበር። በጎቹ ይታዘቡኛል ያሉትን ስነግረው ያውቅ ነበር። ትናንት ባሞቅሁለት ውኃ እግሩን ሲነክር ያውቅ ነበር።

የጾም ሽሮውን አቅርቤለት ወጣሁ። አብሬው መብላት አልቻልኩም።

ቅዳሜ

ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከኔ ትስማው ብዬ በጠዋት ወይንሸት ቤት ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ ቃላት ስመርጥ ነበር። ገና "ደምሴ…" ከማለቴ "አውቃለሁ" አለችኝ።

ረቡዕ ዕለት ታደሰ ራሱ አፍሮ መጥቶ ነግሯታል። ምናልባት ሐሳባቸውን ይቀይሩ ይሆናል ብላ ነው ሐሙስ ቁጥር ልትወስድ የሄደችው።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ትዳርሽን በኔ አፍ ላፍርስ?" አለች።

ልክ ናት። እኔም በሷ ቦታ ብሆን ዝም የምል ይመስለኛል። ግን እሷንም ተቀየምኳት። "ደምሴ ያስተካክለዋል" ስላት እያወቀች አየችኝ። ባሌ ዋሸኝ፣ ጓደኛዬ አዘነችልኝ፤ መሃል ላይ ሞኟ እኔ ነኝ። ይህንኑ ነገርኳት። ተቆጣችኝ፣ ተቆጣኋት፣ ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን። እሷ ሐሙስ ያላለቀሰችውን ጭምር አለቀሰች።

ማጣሪያው ሲጀመር የሞተሮቹ ድምፅ ፀጉር ቤት ድረስ ይሰማል። ለሠርግ የምትዘጋጅ ልጅ ፀጉር እየሠራሁ ነበር። እጄ በቆመ ቁጥር "እትዬ፣ ጨረስሽ?" ትለኛለች።

ታደሰ ማጣሪያውን አለፈ። አስናቀች ናት መጥታ የነገረችኝ።

ጥቂት ልብሴን ይዤ እትዬ ወርቄ ቤት ገባሁ። አልጋቸውን ለቀቁልኝ፤ እምቢ ብዬ መደቡ ላይ ተኛሁ።

እሑድ

ላልሄድ ምዬ ነበር። ከቅዳሴ መልስ ወይንሸት መጣች።

"የተከለከልኩት መወዳደር ነው፤ ማየት አይደለም። ተነሺ" አለችኝ።

ሄድን። መታጠፊያው ዘንድ ቆምን፤ እትዬ ወርቄ በርጩማቸው ላይ። ሰው ወይንሸትን አየት እያደረገ ይንሾካሾካል። እሷ አንገቷን ቀና አድርጋ ቆመች።

የሞላሌው ረጅም ሰውዬ አሸነፈ። የኛ መካኒክ በመጀመሪያው ዙር ወደቀ፤ ደግነቱ አልተጎዳም። ታደሰ አራተኛ ወጣ። መታጠፊያዋን ፍሬኑን ቀስ አድርጎ፣ ጉልበቱን ወደ ጎን አውጥቶ በደንብ አለፋት።

"ጥሩ ያዛት" አለች ወይንሸት። አጨበጨበችለት። ከልቧ ነው። እኔ ፊሽካው አፌ ውስጥ ነበር፤ ትንፋሽ ግን አልነበረኝም።

ደምሴ ከገመዱ ማዶ ቆሟል። አየኝና እጁን አነሳ። ወደ መንገዱ ዞርኩ።

በመለያው የሮጡት አንድ በአንድ ነበር፤ አብረው ሲነሱ በቴሌቪዥን ሳይሆን በዓይኔ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ሁሉም ባንዴ ሲነሱ መሬቱ ከእግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ። አቧራው ጥርሴ ውስጥ ገባ። እንዲህ እንደሚያንቀጠቅጥ አላውቅም ነበር። ይህን ለማን ልንገረው? እስከ ዛሬ የምነግረው ለሱ ነበር።

ፀሐይ ስትገባ እትዬ ወርቄ ቤት መጣ። አጥሩ በር ድረስ ወጣሁ።

"ለሚመጣው ጊዜ ራሴ አስመዘግባታለሁ" አለኝ።

"አንተ አታስመዝግባት። እሷ ትመዘገባለች። አንተ ከኮሚቴው ውጣ።"

"እናቴስ?"

"ለእናትህ 'ትርንጎን ዋሸኋት' ብለህ ንገራቸው። ለወይንሸት ደግሞ ፊት ለፊቷ ቆመህ ይቅርታ በላት።"

መሬት መሬት አየ። ትቼው ገባሁ።

አሁን እትዬ ወርቄ በበሩ ስንጥቅ እያዩ ናቸው። "አልሄደም፤ ከአጥሩ ሥር ድንጋዩ ላይ ተቀምጧል" ይላሉ። "ይህ ብርድ ሰው ይገድላል፣ ልጄ።"

የሱፍ ባናውን ውሰዱለት፣ ይደርበው አልኳቸው። አስገቡት ግን አላልኩም።