በጥጡ ክምር ውስጥ የተሸሸጉት ጎረቤቶቼ

እኔ ፍራሽ ሰሪዋ፣ ጉልበቴ ቢከዳኝም አእምሮዬ ሳይዛነፍ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ዛሬ ማክሰኞ መጋቢት አምስት ቀን ረፋዱ ላይ፣ ከሱቄ ጀርባ ባለው ክፍል አልጋዬን ተደግፌ፣ በምስክሮች ፊት ቃሌን ሰጥቻለሁ። ጸሐፊው ሳያሳምር ያልኩትን ብቻ ይጻፍ።

መኖሪያ ቤቴን ለልጄ ለሹፌሩ ሰጥቻለሁ። ጣሪያው ያፈሳል። "ነገ እጠግነዋለሁ" እያለ ዓመታት ደልሎኛል፤ ከእንግዲህ የሚያፈሰው በራሱ አናት ላይ ነውና ይጠግነዋል።

የአባታችን ካፖርት ለታላቅ ወንድሜ ይሁን። በጦርነቱ ጊዜ ታጣቂዎች ክርስቲያን የተባለውን ሁሉ ከየቤቱ እየለቀሙ ሲወስዱ፣ እኔ ጎረቤቴን ሰዓት ጠጋኙን፣ ሚስቱንና ትንሿን ልጁን ቤቴ አስገባሁ። ወንድሜ "እኛ ሙስሊሞቹን ማን ነካን? የሰው እሳት ልጅሽን ይፈጅብሻል!" ብሎ ጮኸብኝ። በማግስቱ ግን ዱቄት ተሸክሞላቸው መጣ። አፉ እሬት፣ እጁ ማር ነው።

ሱቄን ከነዕቃው ለሰዓት ጠጋኙ ልጅ ሰጥቻለሁ። ምክንያቱን ልጄም ይስማ።

ፈታሾቹ የመጡ ዕለት ሦስቱም ለፍራሽ ባከማቸሁት የጥጥ ክምር ውስጥ ነበሩ፤ ወንድሜም አጠገቤ ነበር። አለቃቸው ወደ ክምሩ ሲራመድ ሰዓት ጠጋኙ ከውስጥ አነጠሰ። ክው አልኩ። ወንድሜ ግን ከእሱ አስበልጦ አነጠሰ፤ እኔም ተከተልኩ።

"ምንድን ነው ይሄ?" አለ አለቃው።

"የጥጡ ብናኝ ነው ጌታዬ፤ እርስዎንም አይምርም።"

አላመነኝም። ጥጡን በዱላው ቢያገላብጠው ብናኙ ቦነነና እንባው እስኪወርድ አነጠሰ። ይሄኔ አሳዳጊ የባረካት ያቺ ልጅ ከክምሩ ውስጥ "ይማርዎት!" አለችው።

"ማነው?"

"ይማርዎት!" አለ ያ ጎርናና ወንድሜ፣ ድምፁን እንደ ሕፃን አቅጥኖ። "እኔ ነኝ ጌታዬ። ይሄ ብናኝ ድምፄን እንዲህ ያደርገዋል።"

አለቃው በሳቅና በማስነጠስ መካከል ሆኖ እየተደናበረ ወጣ። እኛም በሩን ዘግተን፣ አፋችንን በጥጥ ጠቅጥቀን፣ አልቅሰንም ስቀንም አልጠገብን።

ያቺ ልጅ ከዚያ በኋላ ሙያዬን ከእጄ ተምራለች። ሊወስዳት ለመጣ ሰው "ይማርዎት" ያለች፣ ደንበኛ አታስቀይምም። ልጄ ሆይ፣ አታኩርፍ፤ አንተ ፍራሽ የምታውቀው ስትተኛበት ብቻ ነው።

ምክሬ ይህ ነው፦ እምነታችሁን ጠብቁ፤ በር የሚያንኳኳውን ግን ደጅ አቁማችሁ እምነቱን አትጠይቁት። አስገቡት።

ለሰዓት ጠጋኙ የግድግዳ ሰዓቴን ላወርሰው ስል ጸሐፊው "ወራሽ ምስክር አይሆንም" አለኝ። ሰዓት ጠጋኙም፣ "እንግዲያው ሰዓቱ ይቅርብኝ፤ ምስክርነቱን ስጪኝ" አለ። ሰጥቼዋለሁ።

ተነብቦልኝ ቃሌ መሆኑን አረጋግጬ አሻራዬን አኑሬያለሁ።

ምስክሮች፦ ልብስ ሰፊው፣ ሲነበብ ሰምቻለሁ። ጎረቤቷ ነርስ፣ ሲነበብ ሰምቻለሁ። ሰዓት ጠጋኙ፣ ሲነበብም ሰምቻለሁ፤ ነገሩ ሲሆንም እዚያው ነበርኩ።