በስምህ የበላሁት የመስቀል ዶሮ

አንኮበር፣ መስከረም ፳ ቀን ፲፱፻፸፭ ዓ.ም.

በትምህርትህ ለአገር መብራት፣ በትሕትናህ ለቤታችን ጌጥ ለሆንከው፣ በጎሬ ለምትገኘው ለታናሽ ወንድሜ ለመምህር ገብረጻድቅ፤ የክረምቱን ጎርፍ አሻግሮ ለመስከረም ያደረሰን አምላክ ጤናህን ይጠብቅልኝ እያልሁ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

እኛ ደኅና ነን፤ ገብሱ አሽቷል፣ የቀበሌው ስብሰባም እንደ ወትሮው ረጅም ነው። መስቀልንም እናታችን ራስዋ በሠራችው ዶሮ ወጥ ዋልን። አባታችን ካረፈ ጀምሮ ከአሥራ ሁለቱ ብልት የከበረውን ፈረሰኛ ለአንተ፣ ለእኔ ለበኵሩ ግን ክንፉን ስታወጣ መኖሯን ታውቃለህ፤ ኤሳው እንኳ ብኵርናውን ያጣው ሸጦ ነበር። ዘንድሮ ግን ፈረሰኛውን አንሥታ በፊቴ ብታኖረው፣ በስድሳ አራት ዓመቴ ልቤ እንደ ሕፃን ዘለለ።

«ብላ እንጂ ገብርዬ፣ ከስተህብኝ የለም እንዴ!» አለችኝ።

«እማዬ፣ እኔ ጣሰው ነኝ» ብላት ሣቀችብኝ።

«ጣሰውማ ከደመራ መቼ ተመለሰ? ክንፉን አስቀምጬለታለሁ።»

ባለቤቴ መነን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔም በስምህ በላሁት፤ የጣፈጠኝንም ያህል ቀናሁብህ፤ እናታችን እንዲያ ባለ ድምፅ እኔን በስሜ ጠርታኝ አታውቅምና። ከዚያ ወዲህ ገብርዬ ባለችኝ ቁጥር «አቤት» እላለሁ።

መነን እጅ ትነሣሃለች፤ የደብራችን ታቦት በሄድክበት ይከተልህ። ይህን የጻፍሁልህ ታላቅ ወንድምህ ጣሰው ነኝ።

የኅዳር ሚካኤል ሳያልፍ ፈቃድ ጠይቀህ አንኮበር ና።